ካፖርት ውስጥ የተሸጎጠው

ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ስዊድን፣ ብሬዴንግ በሚባል ሰፈር ባለው ሕንፃችን ምድር ቤት፣ ትቬትስቱጋ በምንለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንሶላ እያጠፍኩ ሳለ የጥገናው ሠራተኛ መጣና ለወራት ሲያቃስት የከረመው የብረት በር ላይ ዘይት ጠብ አደረገበት። ሁለት ጠብታ ብትሆን ነው። እኔ ግን አንሶላውን በግማሽ እንዳጠፍኩ ደርቄ ቀረሁ። «ደህና ነሽ?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ ሽታው ነው» አልኩት። «መስኮቱን ልክፈተው?» ሲለኝ «ኧረ ተው፣ ዝጋው» ብዬ አስደነገጥኩት። የማያውቅ ሰው የማሽን ዘይት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ያንን ሽታ በዕድሜዬ በሁለት ቦታ ብቻ ነው የማውቀው፤ በልጅነቴ ከአባባ ካፖርት ውስጥ፣ ጎልምሼ ደግሞ እዚሁ ከተማ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር፣ ከአለት ሥር። ሁለቱም ቦታ የሽጉጥ ሽታ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ያለ ሽታም ወደ ኋላ የሚጎትተኝ ነገር አለ። ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አባባ ከሞቱ ጀምሮ እሱ ቤት ተሰቅሎ የኖረውን ካፖርታቸውን ይዞልኝ ነው የሚመጣው። እሱ እስኪደርስ አንድ ነገር ጽፌ መጨረስ አለብኝ፤ ይኸው ጀመርኩት።

ያኔ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህን ካለፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ እኛ ደግሞ ገና እየጠበቅነው ነበር። ስለዚህ ያንን ዘመን ሳስበው በሁለት ሚሊኒየም መካከል፣ ከሁለቱም ሳልሆን የተቀመጥኩ ይመስለኛል። የባቡሩ ትኬት እንደ ዛሬው የሚነካ ካርድ አልነበረም። ሬምሳ የምንላት ረጅም ወረቀት ነበረች፤ ጣቢያው በር ላይ በመስታወት ቤት የተቀመጠው ሰውዬ አጥፎ ማኅተም ያሳርፍባታል። የማኅተሙ ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ሀገር ቤት ለመደወል የሚፋቅ ካርድ እንገዛለን፤ በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን ስናስገባ አንዲት ሴትዮ ስንት ደቂቃ እንዳለን በእንግሊዝኛ ትነግረናለች፤ እሷ ተናግራ ሳትጨርስ ግማሹ ያለቀ ይመስለን ነበር። በብርዱ ወራት ሁላችንም እንደ ፍራሽ የተነፋ አንድ ዓይነት ጃኬት ነበረን፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላውን ከጃኬቱ በላይ ስናጣፋው የታሸገ ዕቃ እንመስላለን። ባለቤቴ ተፈራ ከአውቶቡስ ነጂነቱ ሲመለስ በካሴት ትዝታ ይከፍታል፤ ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሳ ዘፋኟ አንድ ቦታ ላይ ታነክሳለች። ዛሬ ልጆቼ ያንኑ ዘፈን በስልክ ሲከፍቱልኝ ሳያነክስ ያልፋል፤ እኔ ግን እዚያች ቦታ ስደርስ አሁንም ቆሜ እጠብቃታለሁ።

እኔ ያኔ አርባ አምስትን አልፌ ነበር። በአረጋውያን መኖሪያ በረዳት ነርስነት ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳ፣ ሳስቀምጥ፣ ሳጎርስ እውላለሁ። አንድ ቀን እዚሁ ትቬትስቱጋ ውስጥ፣ በጠፋች ድመትና በሚሸጥ የሕፃን አልጋ ማስታወቂያ መካከል አንዲት ወረቀት አየሁ። «የሽጉጥ ተኩስ ለጀማሪዎች፣ እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ዕድሜና ጾታ አይለይም» ትላለች። «ጾታ አይለይም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ወረቀቷን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። የሰው ማስታወቂያ መንቀል ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። መዝገብ ይዘው ከወረዳ ወረዳ ስለሚጓዙ ሽጉጥ ተፈቅዶላቸው ነበር። በዚያ ዘመን መታጠቅ ባርኔጣ እንደ ማድረግ ነው፤ ሰውን የሚገርመው ሳይታጠቅ የሄደው ነው። አባባ ግን ወገባቸው ላይ አውጥተው አይታጠቁም። ወፍራም ቡናማ ካፖርት ነበራቸው፤ በውስጡ፣ በግራ በኩል፣ እማማ በእጇ የሰፋችው የአቡጀዲ ኪስ አለ፤ ሽጉጧ እዚያ ናት። «ሽጉጥ ማለት የተሸጎጠ ማለት ነው፤ አውጥቶ የሚያሳይ ሰው ስሟንም አያውቅ» ይሉ ነበር። ቤት ሲገቡ ካፖርቱን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል። ያን ጊዜ ክፍሉ የብል መድኃኒትና የዘይት ሽታ ይሸታል። ጌታቸው ከፍ ሲል ቅዳሜ ቅዳሜ ሽጉጧን አውጥተው፣ ፈታተው፣ በጨርቅ እንዲወለውላት ይሰጡታል። እኔ ስጠጋ ግን «አንቺ ሂጂ» ይሉኛል። ሌላ ቃል የለም፤ ቁጣም የለበትም። በትምህርት አንደኛ ስወጣ ትከሻቸው ላይ የሚያወጡኝ ሰው፣ ፈረስ መጋለብ ያስተማሩኝ ሰው፣ እዚያች ሚስማር አጠገብ ስደርስ ብቻ ሌላ ሰው ይሆኑብኛል። ሴት ስለሆንኩ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ይህቺ «አንቺ ሂጂ» ከእኔ ጋር አደገች፣ ከእኔ ጋር ተዳረች፣ ስዊድን ድረስም ተከትላኝ መጣች። ሽጉጧን መንግሥት ሲለወጥ ለቀበሌ አስረከቧት፤ «አንቺ ሂጂ»ን ግን የሚረከበኝ አልተገኘም።

የተኩሱ ቦታ ሶደርማልም፣ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ የድሮ የጦርነት መጠለያ ውስጥ ነበር። ከላዩ ልጆች በበረዶ የሚንሸራተቱበት መናፈሻ፣ ከጎኑ የቀረፋ ዳቦ የሚሸጥ ቡና ቤት አለ፤ ከሥሩ ተኩስ መኖሩን የሚያውቅ መንገደኛ አልነበረም። ዛሬ ሳልፍ አየዋለሁ፣ የብስክሌት ማከማቻ ሆኗል። ሦስት የብረት በር ይታለፋል፤ ከሦስተኛው በር በላይ ቀይ አምፖል አለ። አምፖሉ ከበራ ተኩስ ላይ ነን ማለት ነው፣ ማንም አይገባም። ውስጡ በበጋም እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። የሚያስተኩሰን ቦርዬ የሚባል ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ዓመት እስከ ዓመት አንድ ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳል፣ ከእጀታው ሁልጊዜ አንድ ክር ይንጠለጠላል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ሃምሳ ትንንሽ ጥይት የያዘች ካርቶን ያኔ ከአንድ ስኒ ቡናና ከአንድ የቀረፋ ዳቦ ዋጋ አትበልጥም ነበር። ቦርዬ «ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ ቡና ጠጥቶ የሚተኩስ ግድግዳ ነው የሚመታው» ይለን ነበር።

መጀመሪያ ቀን ሳቄ አመለጠኝ። ሁሉም ጆሮውን ሸፍኖ፣ ክንዱን አዘጋጅቶ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ቦርዬ «ላዳ» አለ። በእነሱ ቋንቋ አጉርሱ ማለቱ ነው። እኔ ግን የታየችኝ ፒያሳ ጥግ ላይ የቆመች ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ናት፣ በሯ በሽቦ የታሰረ፣ ሹፌሯ ከውስጥ እየተንጠራራ የሚከፍታት። አገሩ ሁሉ ኢላማ ሲያይ እኔ ታክሲ ስጠብቅ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን መጨረሻው ነው። ተኩሱ ሲያበቃ ቦርዬ «ቪሲታሹን» ይላል፤ ፍተሻ ማለት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ተኳሽ ሽጉጡን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ቦርዬ በተራ እየዞረ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ባዶ መሆኑን ያያል። ካየ በኋላ ትከሻችንን ነካ አድርጎ ያልፋል። አርባ ዓመት የተኮሰም ቢሆን ከፍቶ ያሳያል። እኔ ባደግሁበት አገር የታጠቀ ሰው ባዶ ነኝ ብሎ ከሚያሳይ ሱሪውን ቢያወልቅ ይመርጣል።

ተፈራ ነገሩን ሲሰማ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ወጡ ጨው በዛበት የሚል አንደበት የለኝም» አለ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ አንዷ እኅት በጆሮዬ «ሙሉዬ፣ ማንን ልትገድዪ ነው?» አለችኝ። «ወረቀት» አልኳት፣ እውነቴን ነው። በዚህ አገር ሽጉጥ መሸጎጥ የለም፤ ሰው በኪሱም በወገቡም ይዞ አይዞርም። የራሱን መግዛት የሚፈልግ ለወራት በተኳሾች ማኅበር ሽጉጥ ይለማመዳል፣ የወርቅ ምልክት የምትባለውን ፈተና ያልፋል፣ ማኅበሩ ይመሰክርለታል፣ ፖሊስ ይመረምረዋል፣ ከዚያ ሽጉጡን የሚቆልፍበት የብረት ሣጥን ቤቱ ያስገባል። እኔ ሣጥኑም ሽጉጡም አላማረኝም። ያማረኝ ምልክቷ ናት፤ ደረት ላይ የምትሰካ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የምትበልጥ ነገር። እሷን አባባ መዳፍ ላይ አስቀምጬ ፊታቸውን ማየት ፈለግሁ።

ደግሞም ቀኑ ገጠመልኝ። አባባ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ለሦስት ወር ሊጠይቁን መጡ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነበር፣ አንድ ዓይናቸው ሞራ ጀምሮታል። ያንኑ ካፖርት ለብሰው ነው ከአውሮፕላን የወረዱት። ተጠምጥሜ ስስማቸው የብል መድኃኒት ሽታው አለ፤ ዘይቱ ግን የለም። ኅዳር ሲገባ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር በዘጠኝ ሰዓት ይጨልም ጀመር። ጎረቤቶቻችን በየመስኮታቸው የወረቀት ኮከብ ሲሰቅሉ አባባ ሶፋ ላይ ሆነው ይጠብቋቸዋል፤ አዲስ ኮከብ በበራ ቁጥር «ይኸው ያችም ቤት አበራች» ይሉናል። የማላውቃቸውን ጎረቤቶቼን ያወቅኋቸው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጧት ቂንጬ እየበሉ ሳለ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ሽጉጥ መተኮስ ተምሬያለሁ።»

ማንኪያቸው አየር ላይ ቆመ። «ማን አስያዘሽ?» አሉ።

«ማኅበር አለ። እሑድ ለወርቅ ምልክት እተኩሳለሁ። ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል።»

ማንኪያውን ሰሐኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ «ጌታቸው ሰሞኑን ደውሏል?» አሉኝ፣ ያለ ቦታው። ወሬ ማስለወጣቸው መሰለኝና ከፋኝ። ሰሐኑን አንስቼ ወደ ኩሽና ልሄድ ስል ከኋላዬ «እመጣለሁ» አሉ። የሚመለሱት ሐሙስ ነበር፤ ያቺ እሑድ ካለፈች ሌላ እሑድ የለንም። አርባ ዓመት የተሸከምኳትን «አንቺ ሂጂ» በአንድ ከሰዓት በኋላ ላወርዳት ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ከፈተናው ፈጣኑን ክፍል ቀደም ብዬ አልፌዋለሁ። የቀረኝ ቀስ ተብሎ የሚተኮሰው ነው፤ በአንድ ዙር አምስት ጥይት፣ ከሃምሳ ነጥብ ቢያንስ አርባ ስድስት፣ እንዲህ ያለ ሦስት ዙር። እኔ ቀድሜ ሄድኩ። ተፈራ አባባን በባቡር አምጥቶ፣ ሦስተኛው በር ፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ «ቀዩ መብራት እስኪጠፋ እዚህ ይጠብቁ፣ አባባ» ብሏቸው ወደ ሥራው ይሄዳል። የተስማማነው እንደዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር አርባ ሰባት ሆነልኝ። ሁለተኛው አርባ ስድስት፣ ለጥቂት ነው ያለፍኩት። በሦስተኛው ሁለት ተኩሼ ሁለቱም እምብርቱ ውስጥ ገቡ። እጄ እንደዚያን ቀን ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም። ጆሮዬ ተሸፍኗል፣ ዓለሙ ሁሉ ከዚያች ጥቁር ክብ በቀር ጠፍቷል። ለሦስተኛው ክንዴን ሳነሳ ጀርባዬን ብርድ ዳሰሰኝ። ከብርዱ ጋር የብል መድኃኒት ሽታ መጣ።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደኝ። ለአባት ጀርባ ሰጥቶ ይቆማል? ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሳል፣ ፊት ይሰጣል፣ ጎንበስ ይባላል፤ ይህን ጭንቅላቴ አይደለም የሚያውቀው፣ ወገቤ ነው። ቆሜ ስለነበር የምነሳበት ወንበር እንኳ አልነበረኝም። ቢሆንም ዞርኩ። ሙሉ በሙሉ ዞርኩና ጎንበስ ብዬ «ኖር፣ አባባ» አልኩ። ሽጉጡ በቀኝ እጄ ነው። ሦስት ጥይት ይዟል። አፈሙዙ ከጎኔ በሚተኩሰው ሰው ሆድ ትይዩ አልፎ ሄዶ አባባ ካፖርት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቆመ።

አባባ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆመዋል። ድምፃቸው አልተሰማኝም፤ ከንፈራቸውን ነው ያየሁት። «በእግዚአብሔር» አሉ።

«ኤልድ ኡፕሆር።» ተኩስ አቁሙ ማለት ነው። ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ሲጮህ የጆሮ መሸፈኛውን ጥሶ ገባኝ። ሁሉም ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ቦርዬ ከጎኔ መጥቶ የእጄን አንጓ ያዘ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ኢላማው መለሰኝ፣ ሽጉጡን ከጣቶቼ አላቀቀ። ከፈተውና ሦስቱን ጥይት መዳፉ ላይ አራገፋቸው።

«አባቴ ናቸው» አልኩት። «ሰላም ማለቴ ነው።»

«ገብቶኛል» አለ። «ጥሩ ልጅ ነሽ። ሦስት ወር አትተኩሺም።»

«ሐሙስ ይሄዳሉ እኮ፣ ቦርዬ። የቀረኝ ሦስት ጥይት ነው።»

«ሙሉ» አለኝ፣ አሁን ወደ ቀድሞው ዝግተኛ ድምፁ ተመልሶ፣ «እኔ የምፈልገው ሐሙስ በእግራቸው ሄደው አውሮፕላን እንዲሳፈሩ ነው።»

ጃኬቴን ለበስኩ፣ አባባን ክንዳቸውን ያዝኩ፣ ሦስቱን በር አልፈን ወጣን። በረዶው ጀምሯል። ጣቢያው ደርሰን ማኅተም መቺው ሰውዬ የሁለታችንን ሬምሳ ሲመታ ያንን ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ። አፍሬያለሁ። አርባ ዓመት ጠብቄ፣ አይ ልክ ነበርኩ፣ ለዚህች ልጅ ሽጉጥ አይሰጥም እንዲሉ አደረግኋቸው ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እልሁ አልወጣልኝ ስላለ «ለምን ገቡ፣ አባባ? ተፈራ ይጠብቁ አላለዎትም?» አልኳቸው።

«ብሎኛል። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ደጅ የሚጠናውን ሰው ስመዘግብ ኖሬ በልጄ ደጅ ልጠና? ቀይ መብራት እኔን አያስቆመኝም አልኩ።» ቀጥለውም «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ መስኮቱን እያዩ፣ «ለነገሩ ሁለተኛሽ ነው።»

«ምኑ ነው ሁለተኛዬ?»

«ሽጉጥ ሰው ላይ ስታዞሪ።»

ቀልድ መሰለኝ። ፊታቸውን ሳይ ግን ቀልድ አልነበረም። የካፖርታቸውን ጫፍ በጣታቸው እየደባበሱ ነገሩኝ።

«አምስት ዓመትሽ ነበር። ጌታቸው ሁለት አልሞላውም፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጣሳ ይቀጠቅጣል። ከመንገድ ገብቼ ካፖርቱን ሚስማሩ ላይ ሳልሰቅለው አልጋው ላይ ጣልኩት። እጄን ታጥቤ ስመለስ ሽጉጧን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ደረቱ ላይ ደግነሽበታል። እሱ ይስቃል። አንቺም እየሳቅሽ ቃታውን ሳብሽው።»

ባቡሩ ከዋሻው ወጣ። የሕንፃዎቹ መስኮቶች፣ ኮከቦቹ፣ በረዶው፣ ሁሉም በመስኮታችን ያልፋል።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ተቆልፋ ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም። ሌላ ጊዜ ሳልቆልፋት የምተዋት ሰው ነበርኩ።»

«እኔ ምንም አላስታውስም፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። በዚያኑ ቀን ጥይቱን ሁሉ አውጥቼ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ለቀበሌ እስካስረከብኳት ድረስ ጥይት ጎርሳ አታውቅም።»

«ያን ሁሉ ዓመት? ሽፍታ በበዛበት መንገድ?»

«ባዶ መሆኗን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እነሱ የሚያዩት ካፖርቱን ነው። ለዚህ አይደል ሽጉጥ የተባለችው? ለአንድ ቤት አንዲት ሙሉ ትበቃለች ብዬ ነው» አሉና በስሜ ቀልደው ፈገግ አሉ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በሕይወቴ ሙሉ ሳልጠይቃት የኖርኩት ነገር በመጨረሻ ወጣች። «ባዶ ከነበረች፣ ለጌታቸው ሲሰጡት እኔን ለምን ይከለክሉኝ ነበር? አንቺ ሂጂ ይሉኝ ነበር እኮ። ሴት ስለሆንኩ አይደለም?»

አባባ ዞረው አዩኝ። ከልባቸው ገርሟቸዋል። «ሴት?» አሉ፣ ቃሉን መጀመሪያ እንደሚሰማ ሰው። «ሴት በመሆንሽ ምን አገባኝ? እጅሽ ዳግመኛ ከነካት ታስታውሻለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ያንን እያሰብሽ እንድታድጊ አልፈለግሁም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። ራሴን ካፖርታቸው ላይ ጥዬ ማልቀሴን፣ የብል መድኃኒቱ ዓይኔን ማቃጠሉን፣ እሳቸው ደግሞ «በይ፣ በይ» እያሉ ጀርባዬን መታ መታ ማድረጋቸውን አውቃለሁ። ብሬዴንግን አልፈን መሄዳችንን ያወቅነው መጨረሻው ጣቢያ ደርሰን ውረዱ ስንባል ነው። ባዶው የባቡር መሳፈሪያ ላይ ተቃቅፈን የመመለሻውን ባቡር ጠበቅን። ያች ግማሽ ሰዓት በሕይወቴ ካሉኝ ሰዓቶች ሁሉ ትበልጥብኛለች። በረዶው ይወርዳል፣ አባባ ስለ ቦርዬ ይጠይቁኛል፤ «ያ ሰውዬ ጥይቱን አውጥቶ መዳፉ ላይ ያኖረው ለምንድን ነው?» ይላሉ። ስለ ቪሲታሹን አስረዳኋቸው፤ ሰው ሁሉ ከፍቶ ባዶ መሆኑን እንደሚያሳይ። «ይህን ያወጣው ሰው ልጅ ነበረው» አሉ።

ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ጠባቂው ካፖርታቸውን እንዲከፍቱ በምልክት ጠየቃቸው። ከማዶ ሆኜ አያለሁ። ከፈቱት፣ የእማማን የአቡጀዲ ኪስ ገልብጠው ባዶነቱን አሳዩት፤ ከዚያ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግረው ወደ እኔ «ቪሲታሹን» አሉ። ጠባቂው ምን እንደገረመው እንጃ፣ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ አሳለፋቸው።

የሦስት ወር ቅጣቴን ጨርሼ በጸደይ ተመለስኩ። ቦርዬ ምንም እንዳልተፈጠረ «ላዳ» አለ፤ እኔም ታክሲዬን አስቤ ፈገግ ብዬ አጎረስኩ። አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት፣ አርባ ስድስት። ምልክቷን ለሚሄድ ሰው አደራ ሰጥቼ ላክሁላቸው። ካርድ ፍቄ ስደውል «ደረሰችኝ፣ ሸጉጫታለሁ» አሉኝ። የት ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የራሴን ሽጉጥ ለመግዛትም ሳላመለክት ቀረሁ፤ በማኅበሩ ሽጉጥ እየተኮስኩ፣ እየከፈትኩ፣ ባዶነቱን እያሳየሁ፣ እጄ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ እሑዶቼን እዚያው አሳለፍኩ።

የእኛም ሁለት ሺህ ገብቶ ጥቂት ዓመት ሲሆነው አባባ አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ጌታቸው ደወለልኝ። «ሙሉዬ፣ ካፖርቱ ውስጥ፣ ሽጉጧ በነበረችበት ኪስ፣ የተሰካች አንዲት የወርቅ ነገር አለች። ምንድን ናት?» አለኝ። «እንዳለች ተዋት፣ ስንገናኝ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተገናኝተናል። አንዴ ሰው በዛ፣ አንዴ እሱ አሞት ነበር፣ አንዴ ደግሞ አፌን ከፍቼ ስለ አየር ጠባይ አወራሁ። ደረቱን ባየሁ ቁጥር የማላስታውሰው ነገር ይታየኛል። አባባ ከእኔ ሸጎጡት፣ እኔ ደግሞ ከእሱ ሸጎጥኩት፤ ግን አባባ የሸጎጡት ለእኔ ነው፣ እኔ የሸጎጥኩትም ለእኔው ነው።

ጌቾ፣ ይህን ከመሳፈርህ በፊት እልክልሃለሁ፣ አንብበህ ና። ያቺ ምልክት የዚህ ሁሉ ናት። ኮሪደሩ ላይ ለካፖርቱ ሚስማር አስመትቻለሁ። ቅዳሜ ስትገባ ታናሼ ነህ አልልም፤ ከወንበሬ ተነስቼ ኖር እልሃለሁ። ያን ጊዜ እጄን እይልኝ፣ ባዶ ነው።